አዴሌንና ሐረማያን በአንድ ቀን በእግር፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለሚነሱ

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የሐረማያ ሜዳ ደግሞ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው። በመሃል ያለው የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ በሸሚዝ የተነሳውን ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ጃኬት ያስለብሰዋል። ሐረር በከፍታ ለሐረማያ ስለምትቀርብ የሐረር ሰው ለውጡ ብዙም አይሰማውም። የድሬ ሰው ግን ትንፋሹም ቆዳውም ያውቀዋል።

እዚህ የምናስረዳው ከአዴሌ ሐይቅ ተነስቶ በሐረማያ ሐይቅ ዳር አልፎ ሐረማያ ከተማ ላይ የሚያበቃውን የእግር መንገድ ነው። በየሐይቁ ዳር የምትዞሩትን ጨምራችሁ ጉዞው ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር እንዲሆን አቅዱ፤ ከነዕረፍቱ 6 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ቀላልም ከባድም አይደለም፤ ጤነኛ የሆነና በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን በእግሩ የሚሄድ ሰው ይወጣዋል። ዳገቱ ማንንም አይጥልም። ቀኑን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የሐይቅ ዳር ጭቃና ዘግይቶ መነሳት። ሁለቱን ከተጠነቀቃችሁ ሌላው ሁሉ እዳው ገብስ ነው።

መቼ ይኬዳል

ጥሩው ወቅት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነው። ክረምቱ አብቅቷል፣ ሐይቆቹ ውኃ ይዘዋል፣ መሬቱም ጠንክሯል። በበልግ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ድንገት ይወርዳል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ክረምት ደግሞ ለአረንጓዴው ቢያስጎመጅም ለእግረኛ አይመችም። የሜዳው አፈር ዋልካ ነው። እርጥብ ዋልካ ጫማ ላይ ይጋገራል፤ መቶ እርምጃ ሳትሄዱ እያንዳንዱ እግር ተጨማሪ ድንጋይ የታሰረበት ይመስላል። ስለዚህ በየትኛውም ወር ቢሆን ዝናብ ከጣለ በኋላ ቢያንስ ሁለት ደረቅ ቀን ጠብቁ።

ከኅዳር እስከ ጥር ጧቱ ብርድ ነው። ሐረማያ ላይ ጎህ ሲቀድ ሙቀቱ ወደ 5 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ ድሬዳዋ ላይ አንሶላ ጥሎ ያደረ ሰው ይህንን ለማመን ይቸገራል። አምናችሁ ልበሱ።

ሁለት ቀኖችን ከዕቅዳችሁ አውጡ፤ ታኅሣሥ 19ንና ሐምሌ 19ን። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ስለሆነ የደንገጎ መንገድ በእግረኛና በመኪና ይሞላል፣ ታክሲ አይገኝም። ከንግሡ ሁለት ቀን በፊትና ሁለት ቀን በኋላም ያው ነው። አርብ ከሄዳችሁ ደግሞ የሚመራችሁ ልጅ ጁምዓ ሊሰግድ ይፈልጋልና የምሳ ዕረፍታችሁን ከዚያ ጋር አገጣጥሙ። በረመዳን መሄድ ይቻላል፤ ውኃና ምግብ ግን በሰው ፊት አይከፈትም፣ ከመንገድ ገለል ብላችሁ ተጠቀሙ።

ከመሄዳችሁ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት

እግርን ማለማመድ ይቀድማል። ሐረር ያላችሁ ሐኪም ጋራን በሳምንት ሦስት ጊዜ ውጡ፤ ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም። ድሬዳዋ ያላችሁ የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተጠቀሙ። አሸዋ ላይ 40 ደቂቃ መራመድ ባትንና ቁርጭምጭሚትን ከአስፋልት አብልጦ ያጠነክራል፣ ቀጥ ያለ መንገድ የማይሰጠውን ሚዛን የመጠበቅ ልምድም ይሰጣል። ሰማዩ በደጋው በኩል ከጠቆረ ግን ከወንዙ ውጡ፤ ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ከላይ ሊመጣ ይችላል። የ1998 ዓ.ም. የሐምሌ መጨረሻ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ የብዙ ሰው ሕይወት የቀጠፈው በዚሁ ወንዝ ነው።

ቀጥሎ የሐይቆቹን ሁኔታ አጣሩ። አዴሌም ሐረማያም መውጫ ወንዝ የላቸውም፤ ውኃቸው ከዓመት ዓመት፣ ከወር ወር ይለዋወጣል። የስልክ ካርታ ላይ ያለውን ሰማያዊ ቀለም አትመኑ። ካርታው ሐይቅ ያለበት ቦታ ላይ የሽንኩርት ማሳ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ ካርታው መሬት ያለበት ቦታ ደግሞ ጉልበት የሚደርስ ውኃ ሊሆን ይችላል። በዚያ መስመር በየቀኑ የሚመላለስ ሹፌር ወይም ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ዘመድ ካላችሁ "ውኃው አስፋልቱ አጠገብ ደርሷል ወይስ ሸሽቷል?" ብላችሁ ጠይቁ። ይህ አንድ ጥያቄ መስመራችሁን ይወስነዋል፤ ከሸሸ ዳሩ ጭቃ ነው፣ ከቀረበ ደግሞ በላይኛው የማሳ መንገድ መሄድ ግድ ነው። በዚያው የአካባቢውን ጸጥታም ጠይቁ። "ዛሬ ይቅርባችሁ" ከተባላችሁ ይቅርባችሁ።

ጓደኛ ስትመርጡ ከ4 እስከ 8 ሰው ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ሰልፉ ይረዝማል፣ የማሳ ድንበር ይረገጣል፣ ገበሬውም ይቆጣል፤ እውነቱን ነው።

የሚያዘው

ጫማ ከሁሉ ይቀድማል። ሥሩ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ቢያንስ 20 ኪሎ ሜትር የተራመዳችሁበት ይሁን። አዲስ ጫማ ለዚህ ቀን አይመረቅም። ከሐረር ሸዋ በር ወይም ከድሬዳዋ ገበያ ሰልባጅ ስትገዙ ሶሉን በሁለት እጅ አጥፉት፤ ከጎን ሙጫው ከተሰነጠቀ ተዉት። የድሬ ሙቀት ሙጫ ያደርቃል፣ ብዙ ጊዜ የቆመ ጫማ መንገድ ላይ አፉን የሚከፍተው ለዚህ ነው። ሸበጥ ለታክሲው ብቻ ይሁን። ካልሲ ሁለት ጥንድ፤ አንዱ እግር ላይ፣ ሌላው በፌስታል ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ።

ልብስ ሦስት ድርብ ይሁን፤ ከሥር ላብ የሚያደርቅ ቲሸርት፣ በላዩ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የሚከላከል ጃኬት። ጧት 1 ሰዓት ላይ ሦስቱም ይፈለጋሉ፤ 4 ሰዓት ላይ ቲሸርቱ ብቻ ይቀራል። ወፍራም ካፖርት አትያዙ፤ ወይ ያልባችኋል ወይ ትሸከሙታላችሁ። ባርኔጣ ግድ ነው፣ ሻሽ ወይም ነጠላም አንገትን ይሸፍናል። ደጋው ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐይ የማያቃጥል ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፣ ከፍታ ሲጨምር የሚያቃጥለው ጨረር ይበረታል፣ ውኃውም መልሶ ፊት ላይ ያንጸባርቀዋል።

ውኃ ለአንድ ሰው 3 ሊትር። የድሬ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ ላቡ ስለማይታያቸው አይጠጡም፣ ከሰዓት በኋላ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ከዚያም "ከፍታው ነው" ይላሉ። በየ20 ደቂቃው አራት አምስት ጉንጭ መጠጣት በየሁለት ሰዓቱ አንድ ሊትር ከመገልበጥ ይሻላል። የሐይቁን ውኃ አፍልታችሁም ቢሆን አትጠጡ። ማፍላት ተዋስያንን ይገድላል፤ ከጫትና ከአትክልት ማሳ የሚታጠበውን ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ግን አያስወግድም።

ለስንቅ የባቢሌ ለውዝ 150 ግራም ያህል ለአንድ ሰው፣ ዳቦ፣ ሁለት ሙዝ፣ ሁለት ቴምር፣ ከተገኘም ከዋዜማው የተጠበሰ ሳንቡሳ። ሥጋ ያለበት ሳንቡሳ በቦርሳ ሙቀት ውስጥ እስከ ምሳ ሊበላሽ ይችላልና የምስሩን ያዙ። የለውዙን ልጣጭ በፌስታል መልሳችሁ ውሰዱ።

በተረፈ፦ በደረታችሁ ቁመት የሆነ ዱላ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ፕላስተር፣ ፋሻ፣ ሳሙና፣ ትንሽ ፎጣ፣ መታወቂያ፣ ቻርጅ የሞላ ስልክ፣ ዝርዝር ብር። ዱላውን አትናቁት። የጭቃ መለኪያውም፣ የውሻ መከላከያውም፣ ሲደክማችሁ ሦስተኛው እግራችሁም እሱ ነው።

አነሳስ

1. ከድሬዳዋ ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ተገኙ። ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነሳምና 12 ሰዓት መድረስ ማለት 12 ተኩል መነሳት ማለት ነው። ከሐረር የምትነሱ 12 ሰዓት ተኩል ይበቃችኋል።

2. ከመሳፈራችሁ በፊት "አዴሌ ወራጅ ነን" ብላችሁ ለረዳቱ ንገሩት፣ ሒሳቡንም ያን ጊዜ ተስማሙ። ረዳቱ እስከ ሐረር ያለውን ሙሉ ሒሳብ ሊጠይቅ ይችላል፤ የመውረጃው ጭቅጭቅ ቀኑን ያበላሻል።

3. የደንገጎ ኩርባ ሆዳቸውን የሚረብሻቸው ከፊት ይቀመጡ፤ ባዶ ሆድም ከመጠን በላይ የጠገበ ሆድም አይሁን። ግማሽ ዳቦና ሻይ ልኩ ነው። ስልክ ላይ አታቀርቅሩ፣ መንገዱን እዩ።

4. አዴሌ ስትወርዱ ወዲያው አትሂዱ። 10 ደቂቃ ቁሙ፣ ሻይ ጠጡ፣ ሰላም በሉ። "አካም ቡልታኒ" ማለት በኦሮምኛ የጧት ሰላምታ ነው፤ እሷን ብቻ በትክክል የሚል እንግዳ በሩ ግማሽ ተከፍቶለታል። መንገድ ሲጠፋችሁ "ከራን ኢሳ?" በሉ፣ ሲያመላክቷችሁ "ገለቶሚ" ብላችሁ አመስግኑ።

5. የአካባቢውን ልጅ መሪ አድርጋችሁ ያዙ። ዋጋውን በመጀመሪያ፣ በሰው ፊት፣ በግልጽ ተስማሙ፤ እስከ የት እንደሚሄድና የመመለሻ ታክሲውን ማን እንደሚከፍልለት ጭምር። የሚመራችሁ ልጅ የማንን ማሳ ማቋረጥ እንደሚፈቀድ፣ የትኛው ዳር ትናንት ከብት እንደያዘ ያውቃል። ይህን የሚነግር ካርታ የለም።

በ1 ሰዓት ተኩልና በ2 ሰዓት መካከል መራመድ ከጀመራችሁ ሰዓታችሁን አልጣላችሁም። አረማመዱ 50 ደቂቃ ሄዶ 10 ደቂቃ ማረፍ ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ሆን ብላችሁ ዝግ በሉ፤ 2,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል፣ ከቆላ የመጣ ሳንባ ልኩን እስኪያገኝ ጊዜ ይፈልጋል። ማውራት እስኪያቅታችሁ ከፈጠናችሁ አብዝታችኋል።

በአስፋልት ዳር መሄድ ግድ በሚሆንባቸው ቦታዎች ላይ የግራውን ጠርዝ ይዛችሁ በአንድ ሰልፍ ሂዱ፤ መኪናው ከፊታችሁ ሲመጣ እንድታዩት ነው። ይህ መንገድ የጫት መንገድ ነው። የአወዳይ የጫት ገበያ ሰዓት ይጠብቃል፣ ቅጠሉም ከጠወለገ ዋጋ የለውም፤ ጫት የጫነ ፒካፕና አይሱዙ ለእግረኛ ፍሬን ይይዛል ብላችሁ አትጠብቁ። የማሳ መንገድ እንዳገኛችሁ ከአስፋልቱ ውረዱ።

የሐይቅ ዳር ጭቃ

ይህንን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት።

በዙሪያው ያሉት ጋራዎች ደኑን ካጡ ቆይተዋል። ዝናብ ሲወርድ አፈሩ ታጥቦ ወደ ሐይቁ ይገባል፣ ደቃቁ ደለል ዳሩ ላይ ይተኛል። ውኃው ሲሸሽ ፀሐይ የላዩን ታደርቀዋለች፤ ከላይ እንደ ቂጣ የጠነከረ ቅርፊት፣ ከሥሩ እንደ ሊጥ የላላ ጭቃ ይሆናል። ከሩቅ ሲያዩት ኳስ የሚያጫውት ሜዳ ይመስላል።

በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ያሉ ተጓዦች ከጫማቸው ሥር ሰፊ መራመጃ አስረው ወደ ተራራ ሐይቆች ይሄዳሉ። መራመጃው ክብደታቸውን በሰፊ ቦታ ስለሚያከፋፍለው ላዩ የጠነከረውን በረዶ አይበሱትም። የኛም ጭቃ ጠባዩ እንደዚያ በረዶ ነው። ቅርፊቱ የሚሰበረው ክብደት አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ተረከዝ ሲመታ፣ ከድንጋይ ላይ ሲዘለል፣ ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ሲቆም።

ዳሩን በዓይን ማንበብ ይቻላል። ደረቁ መሬት በሰፋፊ ቁርጥራጭ ተሰነጣጥቆ ጠርዙ ወደ ላይ ከተቆለመመ፣ ቀለሙም ወደ አመድ ካደላ፣ የላዩ በደንብ ደርቋል። ስንጥቁ ቀጭን ሆኖ ውስጡ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ከሥሩ ሊጥ አለ። ስንጥቅ ጭራሽ የሌለው፣ ለስላሳ፣ እንደ ተቀባ ቆዳ የሚያብለጨልጭ ቦታ ላይ እግራችሁን አታሳርፉ።

ከሁሉ የሚታመነው ምስክር ግን የከብት ኮቴ ነው። ላም ከሰው ብዙ እጥፍ ትከብዳለች፣ ኮቴዋም ትንሽ ነው፤ መሬቱ እሷን ከቻለ እናንተን ይችላል። ጎንበስ ብላችሁ ጣታችሁን ኮቴው ውስጥ አስገቡ። ጥልቀቱ ከሁለት ጣት ውፍረት ካልበለጠና ግድግዳው ደርቆ ጥፍር የማይቀበል ከሆነ እለፉ። ኮቴው ጥልቅ ሆኖ ከታች ውኃ ካቆረ፣ ወይም ከብቶቹ ከአንድ ቦታ ጀምሮ ዞረው ከተመለሱ፣ እናንተም ተመለሱ። የኮቴው ጠርዝ ተሰብሮ ዱቄት ከሆነ ቆይቷል፤ ጥርት ያለ ከሆነ የዛሬ ጧት ነው። ምስክርነቱ የሚሠራው ለቅርብ ጊዜው ነው።

ኮቴ በሌለበት ዱላውን በሙሉ እጅ ተጭናችሁ ውጉ። እስከ አራት ጣት ከገባ ደህና ነው። ከአንድ ስንዝር በላይ ከገባ ወደ ላይኛው መስመር ውጡ። በየአሥር እርምጃው ውጉ፤ አንድ ጊዜ ሞክሮ መቶ እርምጃ መሄድ አልሞከሩም ማለት ነው። በሁለት ሰው መካከልም አምስት እርምጃ ክፍተት ይኑር።

ከተያዛችሁ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ቁሙ፣ አትደናገጡ። አንዱን እግር ለማውጣት በሌላው ላይ መደገፍ ያኛውን ያሰጥመዋል፤ ሰው ሁሉ በደመ ነፍስ የሚያደርገው ግን ይህንኑ ነው። ይልቅ ወደ ኋላ፣ ወደመጣችሁበት፣ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ። ልብስ ይበላሻል፤ ይበላሽ። መቀመጫና ክንድ ክብደቱን ሲከፋፈሉት እግሩ ይቀላል። ዱላውን ከጎን አጋድማችሁ ተመርኮዙበት። ከዚያ የተያዘውን እግር ወደ ላይ ከመሳብ በፊት ወደ ጎንና ወደ ጎን አነቃንቁት፤ ጭቃ የሚይዘው ሲሳብ ከሥሩ አየር ስለማይገባ ነው፣ ስትነቀንቁት ክፍተት ይፈጠራል፣ አየርና ውኃ ይገባል፣ "ጧ" የሚል ድምፅ ሲሰማ ለቅቋል። ጫማው ቢቀር እጅ ሰድዳችሁ በተረከዙ በኩል አውጡት። ጓደኛ የሚረዳው ከደረቅ መሬት ላይ ሆኖ ዱላ በማቀበል ብቻ ነው። ሮጦ መጥቶ ክንድ የሚስብ ጓደኛ ሁለተኛው ተያዥ ይሆናል።

ይህ ሁሉ እንዳይደርስ ቀላሉ መንገድ ከውኃው አንድ እርከን ከፍ ብሎ መሄድ ነው። ወፎቹም፣ ሐይቁም፣ ነፋሱም ከዚያ ይታያሉ። ፎቶ ለማንሳት ብሎ ወደ ጠርዙ የወረደ ሰው ነው ብዙ ጊዜ ጫማውን በእጁ ይዞ የሚመለሰው።

ከአዴሌ ወደ ሐረማያ

አዴሌ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ልቀቁት። ከዚያ ወደ ምሥራቅ በማሳዎቹ መካከል ነው የሚኬደው። ጫት፣ ማሽላ፣ ድንች፣ ጎመን፣ ሽንኩርት በእርከን በእርከን ተተክሏል። የእርከኑ ድንጋይ ካብ መሬቱን የያዘ አጥር ነው፤ በላዩ አትዝለሉ፣ መውረጃው ጋ ዞራችሁ ውረዱ። አንድ ድንጋይ ሲፈነቀል ቀጣዩ ዝናብ ሌላውን ይወስደዋል። የመስኖ ጎማ ስታገኙ ተሻገሩት እንጂ አትርገጡት። የጫት ቅጠል አትንኩ፣ ለፎቶም ቢሆን። ያ ማሳ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ገቢ ነው፤ ሌሊት የሚጠበቀውም ለዚህ ነው። ሴቶችን፣ ሕፃናትንና የሚሰግድ ሰውን ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ።

ውሻ ሲመጣ አትሩጡ። ሰብሰብ በሉ፣ ዱላውን ወደ ታች ያዙ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ፤ አብዛኛው በዚህ ይመለሳል። ቢነክስ ግን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡትና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ጉዞው ለሌላ ቀን ይደርሳል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ካሳየ በኋላ ግን መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል።

ተረከዝ ወይም ጣት ላይ የሚያቃጥል ነገር ሲሰማችሁ "ስንደርስ አየዋለሁ" አትበሉ። እዚያው ቁሙ፣ ካልሲ አውልቁ፣ አድርቁ፣ ፕላስተር ለጥፉ፣ ደረቁን ካልሲ አድርጉ። አምስት ደቂቃ ነው። ውኃ ከቋጠረ በኋላ ግን የቀረው መንገድ ሁሉ ስቃይ ነው። የቋጠረውን አታፍርጡት።

ሐረማያ ሐይቅ

ሃሮ በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። ሐረማያ ቀድሞ በአማርኛ ዓለማያ ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተመሠረተው የእርሻ ኮሌጅም፣ በኋላም ዩኒቨርሲቲው፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2006 ድረስ ስሙ ዓለማያ ነበር። ሐረር ለብዙ አሥርት ዓመታት የጠጣችው ከዚህ ሐይቅ ነው። የከተማው ውኃ ፍላጎትና በዙሪያው ያሉት የመስኖ ሞተሮች በአንድ ላይ ሲስቡ፣ ደለሉም ከሥር ሲሞላ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሐይቁ ደረቀ። ጀልባ የሄደበት ቦታ ላይ ከብት ተሰማራ፣ አትክልት ተተከለ። ከዓመታት በኋላ ውኃው ተመልሷል። ዳሩ ላይ ስትቀመጡ ይህን አስቡት፤ የምታዩት ውኃ አንድ ጊዜ ጠፍቶ የተመለሰ ነው። ቆሻሻ አትጣሉበት፣ ልብስም ጫማም በሳሙና አትጠቡበት።

እዚህ በ5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትደርሳላችሁ፤ ምሳ 6 ሰዓት ላይ፣ ጥላ ባለበት፣ ከውኃው ራቅ ብሎ። ወፍ ለማየት ግን ጧት ይሻላል፤ ቀትር ላይ ነፋሱ ውኃውን ያናውጠዋል፣ ዳክዬዎቹና ዝይዎቹም ሸምበቆ ውስጥ ይሸሸጋሉ። ፀጥ ብሎ 20 ደቂቃ የተቀመጠ ሰው ቀትርም ቢሆን ባዶ ዓይኑን አይመለስም።

ውኃው ውስጥ አትግቡ፤ እግር ማቀዝቀዝም ቢሆን። በዚህ አካባቢ ቢልሃርዝያ የሚባል፣ በትል የሚመጣ በሽታ አለ። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሣርና ሸምበቆ ባለበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ነው፤ ሰው እግሩን የሚያስገባበት ቦታ ማለት ነው። ትሉ በጤነኛ ቆዳ በኩል በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል፣ አያምም፣ አይታይም። ከጭቃ ስትወጡ ወይም ድንገት ስትገቡ እግራችሁን ወዲያው በፎጣ አሹት፤ ማድረቁ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። ስለዚህ ውኃው ከነካችሁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ "ሐረማያ ሐይቅ ገብቼ ነበር" ብላችሁ ተመርመሩ። ቀድሞ መመርመር ገና እንቁላሉ ስለማይወጣ የሐሰት እፎይታ ይሰጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሳይታወቅ ሲቆይ ነው ጉበትና አንጀት የሚጎዳው።

ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የያዘው ሰው ካለ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ ባርኔጣውን አውልቁለት፣ ፎጣ በመጠጥ ውኃ አርሳችሁ አንገቱ ላይ አድርጉለት፣ ጨው ያለው ነገር አብሉት፣ በትንሽ በትንሹ አጠጡት። በግማሽ ሰዓት ካልተሻለው፣ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ባጃጅ ጠርታችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ለከባድ ነገር ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል አለ።

መመለስ

ከሐይቁ 7 ሰዓት ላይ ተነሱና 8 ሰዓት ላይ ሐረማያ ከተማ ግቡ። ከ10 ሰዓት በኋላ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ሚኒባስ ይሳሳል፣ ያለውም ይጣበባል። ሲመሽ ደግሞ ትንኙ ከሸምበቆው ይወጣል፣ በደንገጎ ኩርባ ላይም በጨለማ መውረድ አይመከርም። የመሪያችሁን ሒሳብ በተስማማችሁት ልክ፣ በእጁ፣ ከታክሲው በፊት ስጡት።

ወደ ድሬዳዋ ስትወርዱ ጃኬቱን ቀድማችሁ አውልቁ፤ የቁልቁለቱ ሙቀት በደከመ ሰው ላይ ድንገት ነው የሚመጣው። ውኃ አስቀርታችሁ ከሆነ ይህች ናት ሰዓቷ።

ቤት ስትደርሱ ጫማውን በዚያው ሌሊት እርጥቡን አትጠቡት። ዋልካ ሲደርቅ በእንጨት ተፈቅፍቆ ይራገፋል፤ በእርጥቡ ከታሸ ግን ስፌቱ ውስጥ ይገባል፣ ሲደርቅም ክሩን ይቆርጠዋል። የውስጥ ሶሉን አውጡ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ጋዜጣውን ለውጡ። በረንዳ ጥላ ውስጥ ይደር። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ላይ ያሰጣችሁት ጫማ በማግሥቱ ደርቆ ታገኙታላችሁ፤ ሶሉ ግን ለብቻው ነው።